ሽመልና ቧንቧ

ሰጌቶው ሽመሉን ዙሪያውን ልጦ ወደ ውስጥ ገባ። ትንሽ ብገፋ ባዶው ላይ እንደሚያርፍ እርግጠኛ ስለነበርኩ እጄን አላልቼ ጠበቅሁ። ሰጌቶው ግን እንደ ከበደው ቀጠለ። ነጭ ዱቄት ጉልበቴ ላይ ተከመረ፣ ሽመሉ ለሁለት ተከፈለ፣ ሁለቱንም ጫፎች ወደ ፀሐይ አዙሬ አየኋቸው። ቀዳዳ የሚባል ነገር የለም። ከዳር እስከ ዳር ድፍን ነው።

አሶሳ የከረምኩበት ቤት በረንዳ ላይ ነው ይህ የሆነው። ሐሳቤ ቀላል ነበር። ከምግብ ጠረጴዛው በላይ የሚንጠለጠል መብራት እሠራለሁ፤ አገሩ የቀርከሃ አገር ነው፤ ቀርከሃውን እቆርጣለሁ፣ ሽቦውን በውስጡ አሳልፋለሁ፣ ከጫፉ አምፖል አስራለሁ። አዊ ውስጥ፣ እንጅባራ አካባቢ ያየሁት ቀርከሃ እንደ ቱቦ ክፍት ስለነበር የሁሉም አገር ቀርከሃ እንደዚያ መስሎኝ ነው። ጎረቤታችን እማማ በ1978 ዓ.ም. በሠፈራ ከወሎ መጥተው እዚሁ ልጅ ወልደው የልጅ ልጅ ያዩ ሴት ናቸው። ሁለቱን ቁራጮች በሁለት እጄ ይዤ ስፈዝ አይተው እስኪበቃቸው ሳቁ።

“ሽመልን ማን ክፍት ነው አለህ የኔ ልጅ? ክፍት ቢሆንማ በምኑ ይመቱበት ነበር? አብሽር፣ ለዱላ ይሆንሃል።”

እውነታቸውን ነው፤ ስሙም ነግሮኝ ነበር። የደጋው ቀርከሃ ውስጡ ባዶ ነው። የቆላው ግን ጥቅጥቅ ያለ፣ ወይም ለጥቂት ያልተደፈነ ነው፤ ለዚህም ነው ሽመል የምንለው ዱላ ከእርሱ የሚቆረጠው። ኢትዮጵያ በቀርከሃ ሀብቷ ከአፍሪካ ግንባር ቀደም ከሚባሉት አንዷ ስትሆን የሀብቱ ትልቁ ድርሻ ይኸው የቆላው ዓይነት ነው፤ አብዛኛውም የሚበቅለው ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ውስጥ ነው። ከባምባሲ ወደ አሶሳ ስትገቡ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የምታዩት ቀጫጭን ግንድ እሱ ነው። የሚገርም ጠባይም አለው። ለብዙ ዓመት አበባ ሳያሳይ ይኖርና አንድ ዘመን ላይ በጅምላ ያብባል፤ ካበበ በኋላም በጅምላ ይደርቃል። ቤት ይሠራበታል፣ አጥር ይታጠርበታል፣ ቅርጫት ይሸመንበታል፣ ቡቃያው ይበላል። ሽቦ ግን አያሳልፍም።

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ ማሰብ ነበረብኝ። የተንጠልጣይ መብራት ሥራ ሁለት ነው፤ ክብደት መሸከምና ለሽቦ መንገድ መስጠት። ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው። ሽመል የመጀመሪያውን ከበቂ በላይ ይሠራል፣ ሁለተኛውን አይችልም። ሁለቱንም በአንድ አካል የሚሠራው የብረት ቧንቧ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቡና ቤቶች በቧንቧ መብራት የተሞሉት ከውጭ በመጣ ፋሽን ነው፤ “ኢንዱስትሪያል” ይሉታል። ፋሽኑን ብዙም አልወደውም፤ ፋብሪካ ገብቶ የማያውቅ ሰው ፋብሪካ ለመምሰል የሚያደርገው ጥረት ይመስለኛል። የቧንቧና የመብራት ጋብቻ ግን ከፋሽኑ እጅግ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1792 ዊልያም መርዶክ የተባለ ስኮትላንዳዊ መሐንዲስ እንግሊዝ አገር ሬድሩት በምትባል ከተማ ከድንጋይ ከሰል ያወጣውን ጋዝ በቱቦ ስቦ ቤቱን አበራ። ከዚያ በኋላ በመጣው መቶ ዓመት የአውሮፓ ትልልቅ ቤቶች ጣሪያ ላይ የሚንጠለጠለው መብራት በእርግጥም ቧንቧ ነበር፤ ጋዙ በክንዶቹ ውስጥ ወርዶ ጫፉ ላይ ይነድዳል። ኤሌክትሪክ ሲመጣ ብዙ ቤቶች አዲስ መብራት አልገዙም። ጋዙን ዘጉና ሽቦውን በዚያው ቧንቧ ውስጥ ሰደዱት። ስለዚህ በቧንቧ ውስጥ ሽቦ ማሳለፍ የቸገረው ሰው ብልሃት ሆኖ ነው የተጀመረው። እኔም ቸግሮኝ ነው የመጣሁበት።

የቧንቧ ሠራተኛው ሱቅ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ አንድ ትልቅ ማንጎ ጥላ ሥር ነው። (አሶሳ ውስጥ ለማንኛውም ነገር አድራሻ ሲነገር ማንጎ አይቀርም።) ወረቀት ላይ የሣልኩትን አሳየሁት። ከጣሪያ የሚወርድ 60 ሳንቲ ሜትር፣ እሱ ላይ ቲ፣ ከቲው ግራና ቀኝ 35፣ 35 የሚሆኑ ክንዶች፣ ከክንዶቹ ጫፍ ወደ መሬት የሚያዩ ሁለት ክርኖች።

“ጋሼ፣ ይኼ የሻወር ነው?”

“የመብራት ነው።”

ወረቀቱን ገለበጠው፣ መልሶ ገለበጠው። ከዚያ ያለ ምንም አስተያየት መቁጠር ጀመረ። “ሁለት ጎሚቶ፣ አንድ ቲ፣ ሁለት አጭር ኒፕል፣ ሁለት ታፖ፣ አንድ ፍላንጅ። ባለ ግማሽ ኢንቹ ይበቃል።” ይህን ዝርዝር ስሰማ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ጣልያን በ1928 ገብቶ በ1933 ዓ.ም. ወጣ፤ ጎሚቶው ግን ቀረ። ፒንሳው፣ ካቻቢቴው፣ ትራፓኖው፣ ሞርሳው፣ ሰጌቶው፣ ላሜራው፣ ቱቦላሬው ሁሉ የዚያ ዘመን ቃል ነው። ጎሚቶ በጣልያንኛ ክርን ማለት ሲሆን ፓፓጋሎ ብለን ቧንቧ የምናጠብቅበት መፍቻ ደግሞ በቀቀን ነው፤ አፉን ላየ ሰው ለምን እንደተባለ መንገር አያስፈልግም። አሶሳ ገበያ ላይ በርትኛ፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ዓረብኛ ተቀላቅሎ ይሰማል። እዚህ ሱቅ ውስጥ ግን ሁሉም ሰው፣ ሳያውቀው፣ ጥቂት ጣልያንኛ ይናገራል።

የገዛሁት አዲስ ቧንቧ አይደለም። ፋብሪካው የሚያወጣው 6 ሜትር ርዝመት ስላለው ከየሥራው ቁራጭ ይተርፋል፤ ለመብራት የሚሆነውም ያ ቁራጭ ነው። ባለ ግማሽ ኢንች ቧንቧ አንድ ሜትሩ ከአንድ ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ መጋጠሚያዎቹ ሲጨመሩ የኔ መብራት ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ መጣ። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፣ ጣሪያው ላይ ስንደርስ ያስፈልገናል።

ሞርሳው ላይ ቧንቧው ታሰረ፣ ተቆረጠ፣ በጥርስ ማውጫው ጥርስ ወጣለት። ዘይት እየጠጣ የሚሽከረከረው ብረት ቀጫጭን ጥቅል መላጫ እየተፋ ሲሄድ ማየት ያጠግባል። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ብዙ ሰው ይዘልለዋል። ቧንቧ ሲቆረጥ የውስጥ ከንፈሩ ላይ ስል ጠርዝ ይቀራል። ውኃ ቢያልፍበት ምንም አይደለም፤ ውኃ አይቆረጥም። የሽቦ ላስቲክ ግን ይቆረጣል። ክብ ሞረድ አስገብቶ፣ ጣት ሲዞርበት እስከማይዝ ድረስ መሞረድ ያስፈልጋል። ሠራተኛው ሲያይ “ምን ታደርጋለህ?” በሚል ዓይን ነበር። አንዱን ያልተሞረደ ጫፍ ሰጥቼ ሽቦ እንዲስብበት ነገርኩት፤ ቀዩ ላስቲክ ላይ ነጭ ጭረት አየ። ሁለተኛውን ጫፍ ራሱ ሞረደው።

ብየዳ ይሻላል የሚሉ አሉ። ነጩ ቧንቧ ግን ዝገት እንዳያገኘው ዚንክ የተቀባ ነው፤ ሲበየድ ዚንኩ ተቃጥሎ ነጭ ጭስ ይሆናል፤ ያን ጭስ በዝግ ቤት ውስጥ የሳበ ሰው ሌሊቱን በትኩሳትና በብርድ ሲንቀጠቀጥ ሊያድር ይችላል። በያጆች በልምድ ያውቁታል፤ ወተት ጠጡ ይባባላሉ። ወተቱ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም፤ ጥርስ ያለው ቧንቧ ግን ብየዳ አይፈልግም።

አምፖል መያዣው፣ ኤሌክትሪከኛው ፖርታላምፓዳ የሚለው፣ ጥርሱ ቀጭን ስለሆነ ግማሽ ኢንች ቧንቧ ላይ አይገባም። እዚህ ላይ ነው የቤት ሥራው ብዙ ጊዜ የሚቆመው። ሙጫ የሚለጥፉ፣ በናስትሮ የሚጠቀልሉ አይቻለሁ፤ አምፖል ሲቀየር ተነቅሎ እጅ ላይ ይቀራል። መፍትሔው ታፖው ነው። የቧንቧ አፍ የሚዘጋበትን ታፖ መሃሉን በትራፓኖ 10 ሚሊ ሜትር ትበሱታላችሁ፤ መያዣው አብሮት የሚሸጥ ውስጡ ክፍት የሆነ አጭር ብሎን አለው፤ ብሎኑን በቀዳዳው አውጥታችሁ ከውስጥ በዳዶ ታስሩታላችሁ። ከዚያ ታፖው ራሱ እንደ ማንኛውም ታፖ ቧንቧው ላይ ይጠብቃል። መብሳቱ ትዕግሥት ይጠይቃል። ታፖው ክብ ስለሆነ ትራፓኖው ይንሸራተታል፤ አስቀድሞ በምስማር መሃሉን መንካት፣ በቀጭን መብሻ ጀምሮ ማስፋት ነው።

ሽቦውን እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ እያጠበቅሁ ሽቦውን አብሬ ልሰድ ሞከርኩ። ቧንቧ ጎሚቶ ላይ ሲጠብቅ አራት አምስት ጊዜ ይዞራል፤ በውስጡ ያለው ሽቦም አብሮ ይዞራል። ሁለተኛው ክንድ ላይ ስደርስ ሽቦው እንደ ሹሩባ ተጎንጉኖ አልንቀሳቀስ አለ። ሁሉም ተፈታ። በሁለተኛው ሙከራ ቧንቧው ሙሉ በሙሉ ተገጥሞ አለቀ፤ ታፖዎቹ ብቻ ቀሩ። ሠራተኛው ከመደርደሪያ ሥር አንድ አሮጌ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ አወጣ። ያ ሽቦ ጠንካራ ሆኖ ግን ይታጠፋል፤ ከታች አስገብቶ ሲገፋው ጎሚቶውን ዞሮ፣ ቲውን አልፎ በላይኛው አፍ ብቅ አለ። ጫፉ ላይ ባለ 1 ሚሊ ሜትር ካሬ ሦስቱን ሽቦዎች አስሮ ወደ ታች ሳበ። አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

መልሶ ሲያጠብቅ እጁ ለምዶበት ቴፍሎን አንስቶ ጥርሱ ላይ ይጠቀልል ጀመር።

“ምን ሊፈስብህ ነው?” አልኩት።

ቆም ብሎ ቴፍሎኑን አየው፤ ሁለታችንም ሳቅን። ጥቅልሉን ግን ያስፈታሁት ለቀልድ አይደለም። ይህ መብራት ከዳር እስከ ዳር ብረት ነው፤ በውስጡ 220 ቮልት ያልፋል። አንድ ቀን አንድ ሽቦ ቢላጥ መላው ቧንቧ ይነዝራል፤ አምፖል ሊቀይር እጁን የሚሰድ ሰው የሚይዘው ያን ቧንቧ ነው። ስለዚህ ሦስተኛው ሽቦ፣ ቢጫና አረንጓዴው፣ የግድ ነው፤ ላይ ፍላንጁ ሥር ከብረቱ ጋር በብሎን ይታሰራል። ብረት ከብረት በደንብ ከተነካካ ያ አንድ ሽቦ መላውን መብራት ከመሬት ጋር ያገናኘዋል። በብዙ የቆዩ ቤቶች ጣሪያ ላይ ግን የሚገኘው ሁለት ሽቦ ብቻ ነው፤ የመሬት ሽቦ የሚባል አልተዘረጋም። ቤታችሁ እንደዚያ ከሆነ ወይ በባለሙያ መሬት አስቀብሩለት፣ ወይ ይህን መብራት አትስቀሉ። ስለ ቀለሙ፣ ስለ ውበቱ የፈለጋችሁትን ማድረግ ትችላላችሁ፤ እዚህ ላይ ድርድር የለም።

ሽመሉም የራሱን ቦታ አገኘ። ድፍን ሆኖ ሽቦ ባያሳልፍም፣ ሲሰነጠቅ እንደ ክር የሚቀጥን፣ ሲታጠፍ የማይሰበር ነው። ቅርጫት የሚሠሩ አንዲት የበርታ እናት ሁለት ደወል መሳይ ጥላዎች ሸመኑልኝ፤ አፋቸው ወደ ታች ሰፊ፣ ላያቸው ከታፖው ጋር የሚታነቅ። ልጣጩን አስቀድመው ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው ነበር። ሽመል ውስጥ ያለው ስታርች ለነቀዝ ምግብ ነው፤ ሲዘፈዘፍ ይቀንሳል፣ ነቀዙም ይሸሻል። አምፖሉ ኤልኢዲ ስለሆነ ጥላው አይቃጠልም፤ በድሮው ባለ ሽቦ አምፖል ግን ይህን ጥላ አልደፍረውም ነበር።

እናቲቱ ሥራቸውን ሊያደርሱ መጥተው ቧንቧውን ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ሲያዩ “ዋዛ!” አሉ። መጀመሪያ በአማርኛው ስለሰማሁት እያፌዙብኝ መሰለኝ። እርሳቸው ግን የሚሉት የበርታን ዋዛ፣ የትንፋሹን መሣሪያ ነበር። ዋዛ የሚሠራው ከቅል ነው። አንዱ ቅል ሌላው ውስጥ እየተሰካ፣ መጋጠሚያው እየተጠፈረ፣ ከሰው ቁመት የሚስተካከል ረጅም ቀንድ ይሆናል። አንድ ዋዛ አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሚያወጣው። ዜማው የሚመጣው ብዙ ነፊዎች በየተራ፣ እያንዳንዱ የራሱን ድምፅ በቦታው ሲጥል ነው። መከር ሲገባ፣ በዓል ሲሆን ይነፋል። አስቡት፤ ቀርከሃው ድፍን የሆነበት አገር ሰው ቱቦ ሲያስፈልገው ቅልን ከቅል እየሰካ ሠራው። የኔ ጎሚቶና ኒፕል ከዚያ ጋር ሲወዳደር የልጅ ጨዋታ ነው። በሁለቱም ቋንቋ ዋዛ።

ሁለት ኪሎ ተኩሉን ያዙልኝ ብዬ ነበር። ብዙ ሰው ተንጠልጣይ መብራት የሚያስረው ኮርኒሱ ላይ ነው። ኮርኒስ ራሱን የሚሸከመው በችግር ነው፤ ሌላ ሊሸከም አይችልም። ከኮርኒሱ በላይ ያለውን ሞራሌ መፈለግ ነው፤ በጉጥ እየቆረቆራችሁ ድምፁ ከባዶ ወደ ሙሉ የሚለወጥበትን ቦታ ምልክት ታደርጋላችሁ። ከዚያ ግን ወዲያው አትብሱ። አሶሳና ዙሪያዋ፣ እንዲሁም ጎረቤቷ ምዕራብ ወለጋ፣ የምስጥ አገር ናቸው። ከውጭ ደህና የሚመስል እንጨት ውስጡ ወረቀት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። እኔ ያገኘሁት የመጀመሪያው ሞራሌ ካቻቢቴ ስሰካበት እስከ እጀታው ገባ። ሁለተኛው ጠንካራ ነበር፤ ፍላንጁ በአራት ረጃጅም ብሎን እርሱ ላይ ታሰረ። ከታሰረ በኋላ ሁለት እጄን አድርጌ ተንጠለጠልኩበት። ሰው ከቻለ መብራቱን ይችላል። ጠረጴዛው ላይ ለሚበላ ሰው ደግሞ ጥላው ከገበታው 70 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ቢል ይበቃል፤ ብርሃኑ እንጀራው ላይ ይወርዳል፣ ዓይን ውስጥ አይገባም።

አማርኛችን ለኤሌክትሪክ ሌላ ስም አልፈለገም። መብራት መጣ፣ መብራት ጠፋ፣ የመብራት ሒሳብ። በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው ባለሥልጣን ስሙ ብዙ ጊዜ ተቀይሮ፣ ለሁለት ተከፍሎም ቢሆን፣ ሕዝቡ እስከ ዛሬ መብራት ኃይል ይለዋል። ምጣድ ቢጋገርበት፣ ወፍጮ ቢዞርበት ስሙ ያው መብራት ነው። የዚህ ክልል ሰው ደግሞ ለመብራት የተለየ ቅርበት አለው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው የሕዳሴ ግድብ የቆመው እዚሁ ክልል፣ መተከል ዞን ጉባ ላይ ነው። የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያው ተርባይን 375 ሜጋ ዋት ይዞ መዞር ጀመረ፤ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ተመረቀ፤ 13 ተርባይኖች፣ 5,150 ሜጋ ዋት። ግድቡ ከፍ ብሎ ሲታይ ሰው የሚያደንቀው ኮንክሪቱን ነው። ሥራው ያለው ግን ውስጡ ባሉት የብረት ቧንቧዎች ነው። ውኃው ከሐይቁ በእነሱ ተወርውሮ ተርባይኑን ያዞራል፤ ከዚያ ኃይሉ በ500 ኪሎ ቮልት መስመር በዴዴሳ አድርጎ ወደ ሆለታ ይጓዛል። የኔ ሁለት አምፖሎች በአንድ ላይ 18 ዋት ይወስዳሉ። ተርባይኖቹ ሁሉ በሙሉ አቅማቸው ቢዞሩ፣ በመንገድ የሚባክነውን ትተን፣ እንዲህ ያለውን መብራት 286 ሚሊዮን ጊዜ ማብራት ይቻላል። ስሌቱን የሠራሁት መብራት በሄደበት አንድ ምሽት፣ በሻማ ነው።

እማማ ሊያዩት መጡ። ቀና ብለው ቧንቧውን ከላይ እስከ ታች በዓይናቸው ተከተሉት።

“ይኼ የሚያወርደው ውኃ ነው መብራት?”

“መብራት ነው እማማ።”

“ሁለቱንም ቢያወርድ ምን ነበር” አሉና ተቀመጡ። ከዚያ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት አነሡ፤ ቁጥር የስማቸው አካል የሆነ የሠፈራ መንደሮች፣ ከቆርቆሮ ጣሳ የተሠራ ኩራዝ፣ ጠዋት ሲነሡ በጥቀርሻ የሚጠቁር አፍንጫ። ኩራዝም እኮ ከተጣለ ነገር በእጅ የተሠራ መብራት ነው። አዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራ የቲማቲም ጣሳ ተቆርጦ፣ በእርሳስ ተበይዶ፣ የክር አፍ ወጥቶለት በየገጠሩ ይሄድ ነበር። እማማ አንድ አላቸው፤ አልጣሉትም። “ይኼ የናንተው ሲጠፋ ማን ይወጣል?” አሉኝ።

አምፖል ስመርጥ ሳጥኑ ላይ 2,700 ኬልቪን የሚል የተጻፈበትን፣ ወደ ቢጫ የሚያደላውን ወሰድኩ። ለውበት ብቻ አይደለም፤ ነጩና ሰማያዊው ብርሃን ነፍሳትን አብዝቶ ይጠራል። ቢሆንም ግንቦት መግቢያ ላይ የመጀመሪያው ጠንካራ ዝናብ በጣለ ማግሥት ምሽት ምርጫዬ ብዙም አላዳነኝም። እንደ አሸን ፈላ የሚለውን አባባል ዕድሜ ልኬን ስጠቀምበት ኖሬያለሁ፤ አሸን ሲፈላ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። ክንፍ ያወጣው ምስጥ በመስኮቱ፣ በበሩ ሥር፣ ከየት እንደሆነ በማይታወቅ ቀዳዳ ገብቶ ሁለቱን ጥላዎች ከበባቸው። ሽመሉ ላይ የሚያርፈው እያረፈ፣ ቧንቧው ላይ የሚሄደው እየሄደ፣ ክንፉን እየጣለ ጠረጴዛው ላይ ይዘንባል። የጥላዎቹ አፍ ወደ ታች ክፍት መሆኑ በጀ፤ ዝግ ቢሆኑ እስከ ጠዋት በሞሉ ነበር። አጠፋነውና ተኛን።

ጠዋት በሩ ሲከፈት ቀድመው የገቡት የእማማ ዶሮዎች ነበሩ። ቀጥ ብለው መብራቱ ሥር ሄዱ።